የጨዋታ ኮምፒዩተር ክፍሎች አመራረጥና የነጋዴው ድርሻ

ራዲዮ ወይም ማቀዝቀዣ የሚሸጥ ነጋዴ ለደንበኛው የሚያስረክበው ፋብሪካው ራሱ አስማምቶ፣ ፈትኖና አሽጎ የላከውን አንድ ዕቃ ነው። ለቤት ጨዋታ የሚሆነው ኮምፒዩተር ንግድ ግን ከዚህ የተለየ ጠባይ አለው። ገዢው ብዙውን ጊዜ የሚፈልገው ተሠርቶ ያለቀውን ሳይሆን፣ ክፍሎቹን አንድ በአንድ መርጦ እንደ ፍላጎቱና እንደ ገንዘቡ መጠን የሚያስገጣጥመውን ነው። እነዚህም ክፍሎች ፕሮሰሰር፣ የፕሮሰሰር ማቀዝቀዣ፣ ማዘርቦርድ፣ ራም፣ ማከማቻ ዲስክ፣ ግራፊክስ ካርድ፣ ፓወር ሰፕላይና ኬዝ ናቸው። ከልዩ ልዩ ፋብሪካዎች የሚመጡ ስለ ሆነ እርስ በርሳቸው እንዲስማሙ የማድረጉ ሥራ ከፋብሪካው ወጥቶ በነጋዴው ላይ ወድቋል።

ከዚህም የተነሣ በዚህ ንግድ ትርፍ የሚገኘው ስሙ የገነነውን ዕቃ በመደርደር ብቻ ሳይሆን፣ የሚስማማውን ከሚስማማው ጋር አጣምሮ በመሸጥ ነው። ስሕተቱም ቢሆን ቀላል ዋጋ የሚያስከፍል አይደለም። ለዚህ ዕቃ የሚመጣው ገዢ በአብዛኛው ወጣት ሲሆን፣ በእጁ የያዘው ገንዘብ ከወራት ደመወዝ የተቆጠበ ወይም በውጭ አገር ከሚኖር ዘመድ የተላከለት ሊሆን ይችላል። አስመጪውም በበኩሉ ዕቃውን የሚገዛው በውጭ ምንዛሪ ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በመደረጉ፣ በአንድ ዕቃ ላይ የሚወጣው ብር ከቀድሞው እጅግ ጨምሯል። ስለዚህ ከሌላው ጋር የማይስማማ አንድ ሣጥን ማዘርቦርድ በመጋዘን ተቀምጦ ሲያረጅ፣ የተያዘው ገንዘብ ከፊተኛው ዘመን የበለጠ ነው።

ምርጫው ከሞኒተር ይጀምራል

ገዢው ወደ ሱቅ ሲገባ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ግራፊክስ ካርድ ነው። ዐዋቂ ሻጭ ግን አስቀድሞ ስለ ሞኒተሩ ይጠይቀዋል። ምክንያቱም ግልጽ ነው። በስፋት 1920 በቁመት 1080 ነጥብ ያለው ሞኒተር በጠቅላላው 2,073,600 ነጥቦች ሲኖሩት፣ 2560 በ1440 የሆነው 3,686,400፣ 3840 በ2160 የሆነው ደግሞ 8,294,400 ነጥቦች አሉት። የመጨረሻው የመጀመሪያውን አራት እጥፍ በመሆኑ፣ ካርዱ ለእያንዳንዱ ሥዕል የሚደክመው ድካም በዚያው መጠን ይከብዳል።

የፍጥነቱም ጉዳይ እንዲሁ ነው። በሴኮንድ 60 ሥዕል የሚያሳይ ሞኒተር ለአንዱ ሥዕል 16.7 ሚሊ ሴኮንድ ያህል ጊዜ ሲሰጥ፣ 144 ሥዕል የሚያሳየው የሚሰጠው ጊዜ ከ7 ሚሊ ሴኮንድ ያነሰ ነው። እንግዲህ 1920 በ1080 የሆነና በሴኮንድ 60 ሥዕል ብቻ የሚያሳይ ሞኒተር በቤቱ ላለው ሰው እጅግ ውድ የሆነውን ካርድ መሸጥ፣ ለመንደር መንገድ የጭነት መኪና ሞተር እንደ መሸጥ ይቆጠራል። ገዢው የከፈለበትን ኀይል ዐይኑ አያየውም። በተቃራኒው አዲስ ባለ 144 ሞኒተር የገዛ ሰው፣ ሞኒተሩ በዊንዶውስ ማስተካከያ ውስጥ በ60 ተወስኖ ቢቀር ወይም ገመዱን በካርዱ ፈንታ በማዘርቦርዱ ላይ ቢሰካው፣ «ዕቃው አይሠራም» ብሎ ይመለሳል። ይህን አስቀድሞ ማሳየት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

ግራፊክስ ካርድና ፕሮሰሰር

የሞኒተሩ ልክ ከታወቀ በኋላ የገንዘቡ አከፋፈል ይከተላል። ለጨዋታ በሚገጣጠም ኮምፒዩተር፣ ሞኒተሩን ሳይጨምር፣ ከ100 ብር ውስጥ ከ35 እስከ 40 ያህሉን ለግራፊክስ ካርድ፣ ከ15 እስከ 20 ያህሉን ለፕሮሰሰር መመደብ፣ የቀረውንም ለሌሎቹ ክፍሎች ማካፈል የተለመደና መልካም መነሻ ነው። ይህ ሕግ አይደለም፤ ሆኖም ገዢው ገንዘቡን በሙሉ በአንዱ ዕቃ ላይ ጨርሶ ሌላውን በርካሽ ለመሙላት ሲነሣ ሻጩ መልሶ ሊያስታውሰው የሚገባ መለኪያ ነው። ፕሮሰሰሩ ሥራውን አዘጋጅቶ ለካርዱ ያቀርባል፤ ካርዱም ሥዕሉን ይሠራል። አንደኛው ሲዘገይ ሌላው ሥራ ፈትቶ ይጠብቃል።

ሻጩ ሊያውቃቸው ከሚገቡት ነገሮች አንዱ ከፕሮሰሰሩ ቁጥር በኋላ የሚጻፉት የላቲን ፊደላት ትርጕም ነው። በኢንቴል ፕሮሰሰሮች ላይ «ኤፍ» የተባለው ፊደል ሲታይ፣ ፕሮሰሰሩ የራሱ የሥዕል ክፍል የለውም ማለት ነው። በኤኤምዲ ራይዘን ፕሮሰሰሮች በኩል «ጂ» የተባለው ፊደል ያለበት የሥዕል ክፍል አለው፤ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ራይዘን 5 5600 ግን የለውም። ገዢው «ካርዱን ከሦስት ወር በኋላ እገዛለሁ» ካለ፣ የሥዕል ክፍል የሌለውን ፕሮሰሰር የሸጠለት ነጋዴ ሦስት ወር ሙሉ ሥዕል የማያሳይ ሣጥን ሸጠለት ማለት ነው።

ሶኬትና ራም፤ የክምችት ጉዳይ

ለአስመጪው ከሁሉ የሚበልጠው አደጋ ያለው በሶኬት ላይ ነው። ሶኬት ማለት ፕሮሰሰሩ በማዘርቦርዱ ላይ የሚቀመጥበት ስፍራ ሲሆን፣ የአንዱ ሶኬት ፕሮሰሰር በሌላው ላይ በምንም ዐይነት አይገባም። የኤኤምዲ ራይዘን እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ኤኤም4 በተባለው ሶኬት ሲሠራ ቆይቶ፣ በ2022 ኤኤም5 የተባለው ተተክቷል። ኢንቴል ደግሞ በ2021 ኤልጂኤ1700ን፣ በ2024 ኤልጂኤ1851ን አውጥቷል።

ራሙም ከሶኬቱ ጋር የተሳሰረ ነው። ኤኤም4 የሚቀበለው ዲዲአር4 ብቻ ሲሆን፣ ኤኤም5 የሚቀበለው ዲዲአር5 ብቻ ነው። ኤልጂኤ1700 ግን አንዳንዱ ማዘርቦርድ ዲዲአር4፣ አንዳንዱ ዲዲአር5 ስለሚወስድ፣ ትእዛዝ በሚጻፍበት ጊዜ የማዘርቦርዱን ሙሉ ስም ማጣራት ያስፈልጋል። ዲዲአር4ና ዲዲአር5 ሁለቱም 288 የመገናኛ ጥርሶች ያሏቸው ስለ ሆነ በሩቁ ይመሳሰላሉ። ይሁን እንጂ በመካከል ያለው ቁርጥ ቦታው ስለሚለያይ የአንዱ በሌላው ማስገቢያ አይገባም፤ በግድ የሚያስገባም ዕቃውን ይሰብራል። በተጨማሪ ባለ 16 ጊጋባይት አንድ ራም ከመሸጥ ባለ 8 ሁለቱን በጥንድ መሸጥ ለገዢው የተሻለ ፍጥነት ይሰጠዋል፤ ማዘርቦርዱ በሁለት መሥመር ባንድ ጊዜ መረጃ ለመቀበል ስለሚችል ነው።

ከዚህ ሌላ በኤኤም4 ዕቃ የሚነግድ ሰው አንድ ነገር ሊዘነጋ አይገባውም። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጡት ማዘርቦርዶች በ2020 መጨረሻ የወጡትን የራይዘን 5000 ፕሮሰሰሮች እንዲቀበሉ፣ ባዮስ የተባለው የውስጥ ፕሮግራማቸው አስቀድሞ መታደስ አለበት። ሁለቱም ዕቃዎች ደኅና ሆነው ሳለ «አይነሣም» ተብለው የሚመለሱት ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ባዮሱን አድሶ የሚሸጥ ሱቅ አገልግሎቱን ጭምር ሸጧል።

ማከማቻውን በሚመለከት፣ ኤም.2 በተባለው ማስገቢያ የሚገቡት ቀጫጭን ኤስ ኤስ ዲዎች መልካቸው አንድ ቢሆንም ዐይነታቸው ሁለት ነው። ሳታ የተባለው ዐይነት በሴኮንድ 550 ሜጋባይት ያህል ሲያነብ፣ ኤንቪኤምኢ የተባለው በሦስተኛው ትውልድ መሥመር እስከ 3,500፣ በአራተኛው እስከ 7,000 ገደማ ያነባል። አንዱን በሌላው ስም መሸጥ በማወቅም ሆነ ባለማወቅ ቢደረግ የሱቁን ስም የሚያጠፋ ነው።

ፓወር ሰፕላይ፤ ቍጠባ የማይገባው ክፍል

ገዢው ገንዘብ ሲያንሰው አስቀድሞ የሚቀንሰው ከፓወር ሰፕላዩ ላይ ነው። ይህም ክፍል ምንም ሥዕል የማያሳይና ፍጥነት የማይጨምር መስሎ ስለሚታየው ነው። ዳሩ ግን ከግድግዳ የሚመጣውን 220 ቮልት ወደ 12፣ ወደ 5 እና ወደ 3.3 ቮልት እየለወጠ ለሁሉም ክፍል የሚያድለው እርሱ በመሆኑ፣ ሲበላሽ ብቻውን ላይበላሽ ይችላል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደ ተባለው፣ በዚህ ላይ ጥቂት ብር የቆጠበ ሰው ካርዱንና ማዘርቦርዱን አብሮ ሊያጣ ይችላል።

የሚፈለገውን ኀይል ለመወሰን ስሌቱ ቀላል ነው። ለምሳሌ አርቲኤክስ 3060 የተባለው የኤንቪዲያ ካርድ 170 ዋት፣ ከላይ የተጠቀሰው ራይዘን 5 5600 ፕሮሰሰር በሥራ ብዛት 80 ዋት ያህል፣ የቀሩት ክፍሎች በአንድነት 50 ዋት ያህል ቢወስዱ ድምሩ 300 ዋት ይሆናል። ኤንቪዲያ ለዚህ ካርድ 550 ዋት ፓወር ሰፕላይ እንዲሆን የሚመክረው፣ ካርዱ በድንገት ለጥቂት ቅጽበት ከልኩ በላይ ኀይል ስለሚስብና ፓወር ሰፕላዩም በሙሉ ጭነት ሳይጨነቅ እንዲሠራ ነው።

በሣጥኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው ዋት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። አስመጪው በጎኑ ላይ ባለው ሠንጠረዥ የ12 ቮልቱን መሥመር ይመልከት። በዚያ ላይ 45 አምፔር ከተጻፈ 12 በ45 ሲባዛ 540 ዋት ይሆናልና ዕቃው ለስሙ የቀረበ ነው። 25 አምፔር ብቻ ከሆነ ግን፣ ከላይ ምንም ቢጻፍ፣ ለካርዱና ለፕሮሰሰሩ የሚደርሳቸው 300 ዋት ብቻ ነው። 80 ፕላስ የተባለው ምልክት ዕቃው በ20፣ በ50 እና በ100 በመቶ ጭነት ከሚወስደው ኤሌክትሪክ ቢያንስ 80 በመቶውን ለሥራ እንደሚያውል ይመሰክራል። የቍጠባ ምስክር እንጂ የመከላከያው ሙሉ ዋስትና ስላልሆነ፣ ከአጭር መገናኘትና ከልክ በላይ ከሆነ ቮልት የሚከላከል መሆኑ ለብቻው ይጠየቅ።

በርካሽ ፓወር ሰፕላዮች ጀርባ ላይ 115 እና 230 የሚሉ ቁጥሮች ያሉት ትንሽ ማዞሪያ አንዳንድ ጊዜ ይገኛል። በ115 ላይ እንዳለ በአገራችን ኤሌክትሪክ ላይ የተሰካ ዕቃ ወዲያውኑ ይቃጠላል። መብራት በሚቋረጥበትና ኀይሉ ከፍ ዝቅ በሚልበት ስፍራ ደግሞ ዩፒኤስ ወይም ስታብላይዘር አብሮ እንዲገዛ መምከር ትርፍ መፈለግ ሳይሆን ደንበኛን መጠበቅ ነው።

ገጣጣሚው ሊጠነቀቅለት የሚገባ ሌላም ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ አርቲኤክስ 4090 በተባለው ባለ 450 ዋት ካርድ ላይ የኀይል ማያያዣዎች ቀልጠው መገኘታቸው በዓለም ተሰምቶ ነበር። ኤንቪዲያ ለዚህ የሰጠው ዋና ምክንያት ማያያዣው እስከ መጨረሻው ሳይሰካ መቅረቱን ነው። በ2023 ማያያዣው ተሻሽሎ ወጥቷል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት፣ ገጣጣሚው ማያያዣው ጥግ ድረስ መግባቱን በዐይኑ ሳያይ ኬዙን መዝጋት እንደሌለበት ነው።

ሙቀት፣ አቧራና የአገሩ ከፍታ

በውጭ አገር የሚጻፉ የምርጫ መመሪያዎች በብዛት የሚያስቡት በባሕር ጠረፍ አቅራቢያ ያለውን አየር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የምትገኝ በመሆንዋ አየርዋ ከአንድ አምስተኛ በላይ የሳሳ ነው። ማራገቢያ ሙቀትን የሚያስወግደው በአየር ተሸካሚነት ስለ ሆነ፣ አየሩ ሲሳሳ በአንድ ዙር የሚሸከመው ሙቀት ያንሳል። የከተማይቱ ብርድ ይህን በከፊል ይክሰዋል። እንደ ድሬዳዋ ባለው ሞቃት ስፍራ ደግሞ የአየሩ ውፍረት ይሻላል፤ ሙቀቱ ግን ይብሳል። በሁለቱም ቦታ ያው አንድ ምክር ይሠራል፤ ከፊት አየር የሚያስገቡ፣ ከኋላ የሚያስወጡ ማራገቢያዎች ያሉትና ሊታጠብ የሚችል የአቧራ ወንፊት የተገጠመለት ኬዝ፣ በመስታወትና በቀለማት መብራት ካጌጠው የታፈነ ኬዝ ይበልጣል።

ኬዙ በልክም መመረጥ አለበት። ኤቲኤክስ የተባለው ማዘርቦርድ 305 በ244 ሚሊ ሜትር፣ ማይክሮ ኤቲኤክስ እስከ 244 በ244፣ ሚኒ አይቲኤክስ 170 በ170 ነው። ከካርዶቹም አንዳንዶቹ ከ300 ሚሊ ሜትር በላይ ርዝመት ስላላቸው የካርዱን ርዝመትና የኬዙን የውስጥ ስፋት ማስተያየት ከሽያጩ በፊት እንጂ በኋላ አይሆንም።

ያገለገሉ ዕቃዎችና የዋጋ መለዋወጥ

ከዱባይ ገበያም ሆነ ከሌላ ስፍራ ያገለገለ ግራፊክስ ካርድ የሚያመጣ ነጋዴ የካርዱን ታሪክ መጠየቅ አለበት። ኤቴሪየም የተባለው የዲጂታል ገንዘብ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 15 ቀን 2022 በግራፊክስ ካርድ የሚካሔደውን የማዕድን ሥራ ባቆመ ጊዜ፣ ሌሊትና ቀን ሲሠሩ የኖሩ ብዙ ካርዶች በዓለም ገበያ ላይ ፈሰሱ። እንዲህ ያለው ካርድ ሁሉ የተበላሸ ነው ማለት አይደለም። ሆኖም ማራገቢያውና የሙቀት ማስተላለፊያ ልጣፉ ያለቀ ሊሆን ይችላልና ቢያንስ ግማሽ ሰዓት በሙሉ ጭነት ሳይፈተን አይገዛ። በሐሰት ስም የሚሸጡ ካርዶችም ስላሉ፣ ጂፒዩ-ዚ በተባለው በነጻ የሚገኝ ፕሮግራም ማንነቱን ማጣራት ይገባል።

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው ከኢንቴል ስምንተኛው ትውልድና ከዚያ በኋላ ያሉትን፣ ከኤኤምዲም ራይዘን 2000ንና ተከታዮቹን ነው። ስለዚህ ከዚያ የቀደመ ፕሮሰሰር በርካሽ ቢገኝም የሚገዛው እያነሰ እንደሚሔድ አስመጪው ይገንዘብ።

የዚህ ዕቃ ዋጋ አዲስ ትውልድ በወጣ ቁጥር የሚወርድ መሆኑ የቆየ ልማድ ነው። ይሁን እንጂ ሁልጊዜ አይወርድም። እ.ኤ.አ. በ2025 መገባደጃ ላይ የራም ፋብሪካዎች ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ማእከሎች ወደሚሆነው ምርት ፊታቸውን በማዞራቸው የራም ዋጋ በዓለም ገበያ በእጅጉ ከፍ ብሏል። ትምህርቱ ሁለት ነው፤ ፕሮሰሰርና ካርድ በብዛት አከማችቶ መቆየት አደገኛ ሲሆን፣ ከተስማማ ማዘርቦርድ ጋር የተጣመረ ጥቂት ራም መያዝ ግን አንዳንድ ጊዜ ይጠቅማል።

በጉምሩክና በሱቁ መስኮት

በዓለም አቀፉ የዕቃ አመዳደብ ሥርዓት እነዚህ ክፍሎች በአንድ ቁጥር አይጠቃለሉም። የተሟላው ኮምፒዩተር በ8471፣ ማዘርቦርዱ፣ ራሙና ግራፊክስ ካርዱ በ8473፣ ፕሮሰሰሩ በ8542፣ ፓወር ሰፕላዩ በ8504፣ ሞኒተሩ በ8528 ይመደባሉ። ሁሉም ተሟልተው ነገር ግን ሳይገጣጠሙ በአንድነት የቀረቡ ከሆነ፣ በሥርዓቱ አጠቃላይ ደንብ መሠረት እንደ ተገጣጠመው ዕቃ ሊቈጠሩ ይችላሉ። ስለዚህ ደረሰኙ «የኮምፒዩተር ዕቃዎች» ተብሎ በጅምላ እንዳይጻፍ፣ እያንዳንዱ በስሙ፣ በሞዴሉና በብዛቱ ተዘርዝሮ እንዲቀርብ ከሻጩ ጋር አስቀድሞ መነጋገር በጉምሩክ የሚባክነውን ቀን ይቀንሳል።

በሱቅ በኩል ደግሞ ሥራውን የሚያቃልለው ዕቃውን በስሙ ሳይሆን በስምምነቱ መደርደር ነው። ኤኤም4 ፕሮሰሰር፣ የርሱ ማዘርቦርድና ዲዲአር4 ራም በአንድ መደርደሪያ፣ ኤኤም5ና ዲዲአር5 በሌላው ቢቀመጡ አዲስ ሠራተኛ እንኳ አይሳሳትም። ሻጩም ገንዘብ ከመቀበሉ በፊት የሚከተሉትን ስድስት ጥያቄዎች ቢጠይቅ ይበቃዋል።

1ኛ፣ ሞኒተሩ ስንት ነጥብና በሴኮንድ ስንት ሥዕል ነው?
2ኛ፣ የፕሮሰሰሩና የማዘርቦርዱ ሶኬት አንድ ነውን? ባዮሱስ ታድሷልን?
3ኛ፣ ራሙ ማዘርቦርዱ የሚቀበለው ዐይነት ነውን?
4ኛ፣ ፕሮሰሰሩ የራሱ የሥዕል ክፍል ከሌለው ካርዱ አብሮ ተገዝቷልን?
5ኛ፣ በ12 ቮልት መሥመር ያለው አምፔር ለካርዱና ለፕሮሰሰሩ ይበቃልን?
6ኛ፣ ካርዱና ማዘርቦርዱ በኬዙ ውስጥ በልክ ይገባሉን?

ከነዚህ ጥያቄዎች በኋላ አንዳንዱ ገዢ አስቦት ከነበረው ያነሰ ዋጋ ያለው ካርድና የተሻለ ፓወር ሰፕላይ ይዞ ይሔዳል። በዚያን ቀን የሱቁ ገቢ ጥቂት ሊያንስ ይችላል። ነገር ግን የተሸጠው ዕቃ ቤት ገብቶ ያለ ችግር ሲሠራ፣ ያው ደንበኛ በሚቀጥለው ዓመት ራም ለመጨመር ተመልሶ ይመጣል፤ ጓደኛውንም ይዞ ይመጣል። ክፍሎቹን ከየአገሩ የሚያመጣው አስመጪው ነው፤ እንዲስማሙ አድርጎ የሚያስረክበው ግን ባለሱቁ ነውና ገዢው ሁለተኛ ሲመጣ የሚፈልገው የርሱን ሱቅ ነው።